ባዶው ሶኬት ላይ የታየው ዲስክ

ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ መቅደስ እባላለሁ፣ እና ለከፈኝ፣ አየኝ፣ ጥላ አለፈብኝ የሚባል ወሬ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። ሥራዬም አስተምሮኛል። ስንቱ ሰው "ይሄ ኮምፒውተር የሆነ ነገር ሰፍሮበታል" እያለ ተሸክሞ ያመጣልኛል መሰላችሁ፣ ስከፍተው ወይ አይጥ ሽቦ በልታለች፣ ወይ ማራገቢያው አቧራ ጠጥቶ ቆሟል። አንዷ ደንበኛዬማ ማሽኑ በራሱ እየጠፋ ሲያስቸግራት ጠበል ረጭታበት አመጣችው፣ በኋላ ጎረቤቶቿ ሰይጣኑ ወጣ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሰይጣኑን እንጃ፣ የወጣውስ ፓወር ሰፕላዩ ነው አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። አሁን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ሳቄን መደበቅ እንኳ አይሆንልኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው ሞጣ ነው፣ ዘይነባ ቤት። ዘይነባ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ተምረናል፣ እሷ ረመዳን ስትይዝ እኔ ውጭ በልቼ እገባለሁ፣ እኔ ሁዳዴ ስይዝ እሷ እንቁላል መጥበስ ትተዋለች፣ እንደዚያ ተሳስበን የኖርን ሰዎች ነን። ስንጨርስ እኔ ቢቸና ቀረሁ፣ እሷ ሞጣ ተመልሳ የአባቷን ፎቶ ቤት ያዘች። አባቷ ጋሽ ሰዒድ የታወቁ ፎቶ አንሺ ናቸው፣ ሞጣ ውስጥ ከተዳረ ሰው ግማሹን ያነሡት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ካሜራውን ለልጃቸው አስረክበው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣሉ።

በክረምት ነው፣ አንድ ቀን ዘይነባ በጠዋት ደወለችልኝ፣ ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ ይላል። የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረች ነው፣ የሙሽራዋ እናት ታማ መርጡለ ማርያም ተኝታ ስለነበር የልጇን ሰርግ አላየችም፣ ሙሽሮቹ በማግስቱ ጠዋት ቪዲዮውን ይዘውላት ሊሄዱ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከዛሬ ነገ የምትባል ሆናለች። ኮምፒውተሩ ግን እየተጎተተ ነው። ዲስኩ ይሆናል ብላ አሮጌውን አስወጥታ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲስ ፈጣን ዲስክ አስገብታበታለች፣ እሱም ያው ሆነባት፣ እንኳን ቪዲዮ ሊያወጣ ፎልደር ሲከፍት ያዛጋል አለችኝ። እኔ ገና ስትነግረኝ ልቤ ዘሎ ነበር፣ ምክንያቱም በሽታው ምን እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፣ የሱቄን መዝጊያ ወርውሬ ሚኒባስ ተራ ሮጥኩ።

ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ዲስኩንና ማሽኑን የሚያነጋግር መካከለኛ አለ፣ ኮንትሮለር ይባላል። ይሄ መካከለኛ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አሮጌው ጠባዩ አይዲኢ ይባላል፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት መስኮት አንዱን ጉዳይ ሳይጨርስ ሌላውን ቀና ብሎ አያይም። አዲሱ ኤኤችሲአይ ይባላል፣ ብዙ ትእዛዝ አንድ ላይ ተቀብሎ የሚቀለውን እያስቀደመ ይጨርሳል። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ግን ማንም ሳይነካቸው በአሮጌው ጠባይ ላይ እንደተቀመጡ አሉ፣ የፈለገውን ያህል ፈጣን ዲስክ ብታስገቡላቸው መስኮቱ ያው ያ አንድ መስኮት ነው። መቀየሪያው ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው ባዮስ የሚባለው ገጽ ውስጥ ነው። ግን ዝም ብሎ ቢቀየር ዊንዶውሱ ዲስኩን ማግኘት ያቅተውና ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይሞታል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በሴፍ ሞድ፣ ማለት የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ፣ እንዲነሣ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሞጣ ስደርስ ዝናብ ይወርዳል፣ ሱቁ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እየተጯጯህን ነው ሰላም የተባባልነው። ጋሽ ሰዒድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ተነሥተው ሳሙኝ፣ የቢቸናን ዝናብ ጠየቁኝ፣ እናቴን ጠየቁኝ፣ ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሚስታቸው እትዬ ፋጡማ ከሞቱ ወዲህ ወሬ ቀንሰዋል። እኔ እትዬ ፋጡማን በሕይወት አላውቃቸውም፣ ዘይነባ ኮሌጅ ሳትገባ ነው የሞቱት። ካሜራ አይወዱም ነበር አሉ፣ የሰውን ሁሉ ሰርግ የሚቀርጹት ጋሽ ሰዒድ የገዛ ሚስታቸውን በቪዲዮ የያዙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ ሳይቆይ አጥፋው ብለዋቸው ካሜራውን አጥፍተዋል፣ እና ያቺም አንዲት ቪዲዮ የነበረችበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ ተበላሸ። ባሕር ዳር ወሰዱት፣ አዲስ አበባ ላኩት፣ አይሆንም ተባለ፣ ዲስኩም ከላኩበት ሳይመለስ ቀረ። ይሄን ዘይነባ ኮሌጅ እያለን ነው የነገረችኝ፣ የዚያን ቀን ግን እኔ ያሰብኩት ስለ ሙሽራዋ ብቻ ነው።

ባዮሱን ስከፍት እንደጠረጠርኩት ሆኖ አገኘሁት፣ አይዲኢ። ዘይነባን አቀፍኳት። መጀመሪያ የሰርጉን ፋይል በውጭ ዲስክ ገለበጥን፣ ምናልባት አንድ ነገር ቢሆን ብዬ፣ ከዚያ ሴፍ ሞዱን አዘዝኩ፣ ኮንትሮለሩን ወደ ኤኤችሲአይ ለወጥኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። በዚህ ጠባይ ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ፣ የዲስክ ገመድ የሚሰካባቸውን ሶኬቶች አንድ በአንድ እየቆጠረ በየትኛው ላይ ምን እንዳለ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሶኬት፣ አዲሱ ኤስኤስዲ፣ ጥሩ። ሁለተኛው፣ ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ ግን ሌላ ሃርድ ዲስክ ተጻፈ።

ሌላም ዲስክ አለሽ እንዴ አልኳት ዘይነባን፣ የለኝም አለች። የሲዲ ማጫወቻው ይሆናል አልኩ፣ እሱን ካወጣነው ቆየን አለች። አጥፍቼ ክዳኑን ከፈትኩ፣ በባትሪ አየሁት። አራት ሶኬት አለው፣ አንዱ ላይ ብቻ ገመድ አለ፣ ሦስተኛው ላይ አቧራ እንጂ ምንም የለበትም። ቦርዱ አርጅቶ ቀልቡ ጠፍቶበታል አልኩና ሳቅሁ፣ ክዳኑን ሳልመልስ አስነሣሁት። እንደገና ጻፈው። ያኔም ቢሆን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቅንጣት ታህል አልፈራሁም፣ እንዲያውም የማላውቀው ብልሽት አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ ተነሣ፣ አስተካክዬ በደህናው አስነሣሁት፣ እና ፍጥነቱን ብታዩ! ገና ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ ገጹ ቁጭ። ዘይነባ የሰርጉን ሥራ ከፈተችና ያለቀውን ቪዲዮ እንዲያወጣ አዘዘችው፣ ጠዋት ሙሉ ሲያንቀላፋባት የነበረው የሂደት ማሳያ መስመር ይሮጥ ጀመር፣ እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ ጋሽ ሰዒድም ከወንበራቸው ሆነው በእኛ ሳቅ ፈገግ ብለዋል። ሰርጉ ወጥቶ አለቀ፣ ፍላሽ ላይ ጫንነው፣ ለሙሽራው ደወለችለት።

ድምፁ የተሰማው እሷ ስልኩን ስትዘጋ ነው። ዝናቡ ረገብ ብሏል፣ ከተከፈተው ማሽን ውስጥ ዝዝዝ የሚል ነገር ተነሣ፣ ቀስ እያለ እየቀጠነ ሄደና ጸና፣ ከዚያ ቀጭ አለ፣ ቆየት ብሎ ቀጭ ቀጭ። የአሮጌ ሃርድ ዲስክ ድምፅ እንደዚህ ነው፣ ውስጡ ሳህን ይዞራል፣ መርፌዋ ትመላለሳለች። ግን ኤስኤስዲ እኮ የሚዞር ነገር የለውም፣ ልክ እንደ ፍላሽ ነው፣ ድምፅ ከየት ያመጣል? ማራገቢያው ይሆናል ብዬ ሁሉንም ማራገቢያ በጣቴ እየነካሁ አቆምኳቸው። ድምፁ አልቆመም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከሦስተኛው ሶኬት በኩል ነው የሚመጣው።

ዘይነባን ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ተለዋውጧል። ጋሽ ሰዒድ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል።

"ያ ዲስክ ነው" አሉ። "ሁለቴ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንዴ። ስንት ዘመን አጠገቡ ሠራሁ፣ ድምፁን ላጣው ነው?"

ወደ ስክሪኑ ስንመለስ አዲስ ዲስክ ተከፍቶ ቆሟል፣ ስሙ "የአባባ ሥራ" ይላል። ያን ስም ያወጣችለት ልጅ ሳለች ዘይነባ ራሷ ናት። እኔ መቼም ልማዴ ነው፣ ወዲያው ምክንያት ፍለጋ ገባሁ፣ ምናልባት በኔትወርክ ከሌላ ቦታ ይሆናል ብዬ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፣ ዋይፋይ የለውም፣ የውጭ ዲስኩንም ነቀልኩ፣ አልጠፋም። ዘይነባ ደግሞ ምክንያቱ ግድ አልሰጣትም። ማውሱን ከእጄ ቀማችኝ፣ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ስታልፍ ስማቸውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ የእገሌ ሰርግ፣ የእገሌ ምርቃት፣ የዓረፋ በዓል፣ እኔም ሳላውቀው ክንዷን ይዤ ቶሎ በይ ቶሎ በይ እላለሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም፣ የጠፋ ሰው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ስትሰሙ የሚሰማችሁ ዓይነት። ጋሽ ሰዒድ ከኋላችን መጥተው የሁለታችንንም ትከሻ ይዘዋል፣ ቢስሚላህ ይላሉ ቀስ ብለው።

የእናቷን ቪዲዮ አገኘችው፣ ከፈተችው።

ሴትዮዋ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀሐይ ነው፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። የዘይነባ ግንባር፣ የዘይነባ አገጭ። ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸውን በክንዳቸው ከልለው ይስቃሉ፣ የሽንኩርቱ እንባ በጉንጫቸው ላይ አለ። "እማ" አለች ዘይነባ፣ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ያላየኋቸው ሴት ነበሩ፣ ግን እንባዬ ወረደ። እትዬ ፋጡማ ቢላዋቸውን አስቀመጡና፣ ሰዒድ፣ በቃ አጥፋው አሁን አሉ፣ እየሳቁ።

ቪዲዮው ግን አልጠፋም።

ጋሽ ሰዒድ ትከሻዬ ላይ ያለው እጃቸው ሲጠብቅ ተሰማኝ። "እዚህ ላይ አጥፍቼዋለሁ" አሉ። "እኔ እኮ እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት።"

ሴትዮዋ ሳቃቸውን ተዉት። ሽንኩርቱን ከጭናቸው ላይ አራገፉ፣ ተነሡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ ካሜራው መጡ፣ ቅርብ እስኪሆኑ ድረስ፣ ፊታቸው ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ። ቁጣ የለባቸውም፣ ደስታም የለባቸውም፣ ሰው ጓዳው ድረስ የገባ እንግዳ ሲያይ እንደሚሆነው ነው የሆኑት። መጀመሪያ ጋሽ ሰዒድ የቆሙበትን ወገን አዩ፣ ቀጥሎ ዘይነባን፣ በመጨረሻ እኔን። ስክሪን ላይ ያለ ፊት ሁሉንም ሰው የሚያይ እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ፎቶ ከየትም ብትቆሙ ያያችኋል፣ አውቃለሁ፣ ግን ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አይቻለሁ።

"ማን ከፈተላችሁ?" አሉ።

ዘይነባ ናት ቀድማ የነቃችው፣ ቅጂው፣ ቅጂው አለች፣ ፋይሉን ይዛ ወደ አዲሱ ዲስክ ጎተተችው፣ አረንጓዴው መስመር መሙላት ጀመረ፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ፈጠነ፣ እኔ መስመሩን በዓይኔ እየገፋሁት ነው ማለት ይቻላል። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ክረምት ነው፣ ሞጣ ነው፣ መብራት መጥፋቱ ምንም አያስደንቅም። ስክሪኑ ጨለመ፣ የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ቀረን፣ ማራገቢያዎቹ እየተንቀራፈፉ ቆሙ። ድምፁ ግን አለ። ሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሳህኑ ትንሽ ዞሮ እንደሚቆም አውቃለሁ፣ ስለዚህ ጠበቅሁ። አልቆመም። ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ አልቆመም። ጋሽ ሰዒድ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ማሽኑ ውስጥ ከተቱ፣ ባዶው ሶኬት ያለበት ቦታ ላይ አሳረፉት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ዝም ብለው ቆዩ፣ እና ድምፁ ቀስ በቀስ እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ ሄዶ ሄዶ ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። የቱ ጋ እንዳበቃ አንዳችንም አላወቅንም።

መብራቱ ሲመጣ ገና አልመሸም። አስነሣሁት። የመጀመሪያው ሶኬት፣ ኤስኤስዲ። ሌላው ሁሉ ባዶ። ደጋግሜ አጠፋሁ አበራሁ፣ አይዲኢ መልሼ ሞከርኩ፣ ኤኤችሲአይ መልሼ ሞከርኩ፣ ሦስተኛው ሶኬት ላይ የሚሠራ ሌላ ዲስክ አምጥቼ ሰካሁ፣ እሱን በስሙ ጻፈው፣ ስነቅለው ባዶ አለኝ፣ ሶኬቱ ጤነኛ ነው። የተቋረጠ ቅጂ ደግሞ በደህና አይቀርም፣ ዊንዶውስ ያጠፋዋል ወይም የማይከፈት ሆኖ ይቀራል። የእኛ ቅጂ ግን ነበር። ከፈትነው። ምስሉ ጥቁር ነው፣ ድምፅ አለው።

ዝናብ ነው መጀመሪያ የሚሰማው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ። ቀጥሎ ዘይነባ "እማ" ትላለች። ከዚያ ጋሽ ሰዒድ እዚህ ላይ አጥፍቼዋለሁ ይላሉ። እኛ ነን። ቅድም የተነጋገርነው ነው፣ ግን ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ እንደሚሰማ ነው፣ ከሌላ ክፍል ሰው ጆሮውን ለጥፎ እንደሚሰማው። ያ ኮምፒውተር ማይክ የለውም፣ እኔ ራሴ ፈትሼዋለሁ፣ ካሜራዎቹም ቦርሳቸው ውስጥ ነበሩ። እትዬ ፋጡማ በሚጠይቁበት ቦታ ላይ የእሳቸው ድምፅ የለም፣ ዝናቡ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ ያልቃል።

ኮንትሮለሩን ወደ ድሮው ልመልሰውና ሁሉንም ነገር እንተው አልኳቸው። ጋሽ ሰዒድ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማን ከፈተላችሁ አለች እንጂ ዝጉት አላለችም" አሉ። "ተይው ልጄ፣ እንዳለ ተይው።"

ተውኩት። ሙሽሮቹ በማግስቱ መርጡለ ማርያም ደረሱ፣ ሴትዮዋ የልጇን ሰርግ አልጋዋ ላይ ሆና አየች፣ ሁለቴ አስደገመቻቸው አሉ፣ ዘይነባ ይሄን ስትነግረኝ በስልክ ውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። እኔም ያን ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚመጣብኝ ደስታው ነው፣ ሦስታችን አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተን ቶሎ በይ ስንባባል። ለሙያ ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ ቦርዱ የድሮ መረጃ ይዞ ይሆናል አለኝ፣ አንዱ እንቅልፍ አጥተሽ ነው አለኝ፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ይሄንኑ ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት ግን ዘይነባ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ያ ጥቁር ፋይል ረዝሟል አለችኝ። የዚያን ቀን ደቂቃዎች ብቻ ነበር፣ አሁን ስትከፍተው ሰዓት ያሳያል፣ ማንም ሳይነካው ይረዝማል። እሷ የተጨመረውን አልሰማችውም፣ አልደፈረችም። ጋሽ ሰዒድ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው በማዳመጫ ይሰሙታል፣ ምን እንደሚሰሙ አይነግሯትም፣ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ መልስ ይሰጣሉ።

"ያን ሴቲንግ ወደ ድሮው ልትመልሽልኝ ትችያለሽ ወይ?" አለችኝ። "አባባ ሳያይ።"

ቀላል ሥራ ነው፣ ተማሪም አያቅተውም፣ እሷም ራሷ ታውቀዋለች። ለምን እኔን እንደፈለገችኝ ገብቶኛል፣ በእናቷ ላይ በገዛ እጇ መዝጋት አልሆነላትም። በዚህ ሰሞን ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ መኪና አያልፍም አልኳት፣ እሷም እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። መንገዱ ደህና ነው። ሚኒባሶቹ በሱቄ በር ላይ ሞጣ ሞጣ እያሉ ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ።